ኪራይ የማይከፍሉ ደባሎች

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር አይጥ የሚባለው እንስሳ አንድ ዓይነት አይደለም። ሌሊት ኮርኒስ ላይ የሚሯሯጠው፣ ከጆንያ ሥር ብቅ ብሎ የሚጠፋው፣ አዲስ የተዘራ በቆሎ ቆፍሮ የሚያወጣውና በጠራራ ፀሐይ ከድንበር ሣር ውስጥ ሽው የሚለው አራት የተለያዩ ፍጥረታት ሊሆኑ ይችላሉ። ባለቤቱ ግን ለአራቱም ያለው አንድ ስም፣ አንድ እርግማንና አንድ የመጥረጊያ እጀታ ነው። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው፤ ጣራ ላይ ለሚኖረው መሬት ላይ ይጠመዳል፣ በትንሽ ቀዳዳ ለምትገባው ትልቁ ቀዳዳ ብቻ ይደፈናል፣ ከማሳ ለመጣው ደግሞ የቤቱ ድመት ትወቀሳለች።

ትንሿ የቤት አይጥ ከ15 እስከ 25 ግራም ትመዝናለች። ጆሮዋ ለሰውነቷ ሰፋ ያለ ነው፤ ጅራቷ ከነጭንቅላቷ ካለው ቁመቷ ጋር እኩል ገደማ ይሆናል። የምትኖረው ከምትበላው አጠገብ ነው፤ ጎጆዋ ከምግቧ ከ10 ሜትር እምብዛም አይርቅም። ውሃ ባታገኝ እህሉ ውስጥ ባለው ጥቂት እርጥበት ትቆያለች። ስለዚህ አንዴ ጎታ ውስጥ ከገባች ለመውጣት የሚያበቃ ምክንያት የላትም።

አይጠ መጎጥ የሚባለው ትልቁ በዓለም ላይ በሁለት ወገን ይታወቃል። ጥቁሩ ከ150 እስከ 250 ግራም ይመዝናል፤ አፍንጫው ሹል ነው፣ ጅራቱ ከራሱና ከገላው ድምር ይረዝማል፣ ጆሮው ትልቅና ስስ ስለሆነ ወደ ፊት ቢታጠፍ ዓይኑን ይደርሳል። (ጆሮ አጥፎ የመለካቱን ሥራ ለሞተው ማቆየት ይመረጣል።) ቡናማው ከዚህ ይገዝፋል፤ እስከ ግማሽ ኪሎ ይደርሳል፣ አፍንጫው ዱልዱም፣ ጆሮው ትንሽ፣ ጅራቱ ከገላው ያጠረ ነው። ቡናማው ጉድጓድ ቆፋሪና የከተማ ቱቦ ወዳድ ሲሆን ጥቁሩ ግን ወጪ ወራጅ ነው፤ ምሰሶ ይወጣል፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ይሄዳል፣ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ቆርቆሮ ክዳን ይሻገራል። የጎጃም ገጠር ቤት ጣራ የጥቁሩ ርስት ነው። ከደቡብ እስያ ተነሥቶ በነጋዴ መርከብ ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ወገን ሲሆን ለጉዞው ከፍሎ አያውቅም።

የአይጠ መጎጥ ግልገልና ያደገች ትንሽ አይጥ ሲተያዩ ብዙ ሰው ያሳስታሉ። መለያው ራስና እግር ነው። ግልገሉ ገና ያላደገበት ትልቅ ራስና ትልቅ የኋላ እግር አለው፤ ትንሿ አይጥ ግን ሁሉ ነገሯ በልኳ ነው። ልዩነቱ ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም፤ ግልገል የታየበት ቤት ውስጥ እናት፣ አባትና ወንድሞች መኖራቸው የታወቀ ነው።

ከማሳ የሚመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ በሳይንስ ስሟ ማስቶሚስ የምትባለው ባለ ብዙ ጡት አይጥ ናት። የጡቶቿ ቁጥር እስከ 24 ይደርሳል፤ ያንን ሁሉ የታደለችው ለጌጥ አይደለም፣ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ልትወልድ ትችላለችና። ሰብል ሲታጨድ ማሳው ስለሚራቆትባት ወደ ክምርና ወደ ቤት ትጠጋለች። ሁለተኛዋ አርቪካንቲስ የተባለችው የሣር አይጥ ስትሆን ሥራዋ በቀን ነው፤ በድንበር ሣር ውስጥ ጠባብ መንገድ ትጠርጋለች። ፍልፈል አፈር ቆልሎ ገበሬን ቢያስመርርም ከጎተራ ወንጀል ነፃ ነው፤ የሚበላው ከመሬት በታች ያለውን ሥር ነውና ቤት ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

አይጥ ራሷን ከማሳየቷ በፊት ፊርማዋን ታስቀምጣለች። የትንሿ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የሾለ ነው፤ የአይጠ መጎጡ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ትኩሱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሲሆን የቆየው ግራጫና ፈርፋሪ ነው። አንዲት ትንሽ አይጥ በቀን ከ50 ያላነሰ ስለምትጥል ሊጥ ልታቦካ ዱቄት ከፍታ ይህን ያየች የቤት እመቤት ሠራዊት ገባ ብላ ባትደነግጥ ይሻላል፤ የአንድ ምሽት የአንዲት አይጥ ሥራ ሊሆን ይችላል። አይጠ መጎጥ በግድግዳ ጥግ እየታከከ በየቀኑ በአንድ መንገድ ስለሚመላለስ የገላው ቅባት ግድግዳውና ማገሩ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ይህ መስመር ለወጥመድ ቦታ መምረጫ ከማንኛውም አማካሪ ይበልጣል። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ማታ ወለሉ ላይ የምድጃ አመድ ስስ አድርጎ መንፋት ነው። ጠዋት አመዱ ላይ የፊት እግሩ አራት ጣት፣ የኋላው አምስት ጣት ያለው ዱካ ይገኛል፤ የዱካው አቅጣጫ ቀዳዳውን ያሳብቃል። በቀን የምትታይ የቤት አይጥ ካለች ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ሌሊቱ ስለተጣበበባቸው አንዳንዶቹ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛውረዋል።

ይህ አካባቢ ለምን እንደተመቻቸው ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወንበርማ በቆሎ አምራች ናቸው፤ ዳጉሳው፣ ጤፉ፣ በርበሬው፣ ኑጉ በዚያ ላይ ነው። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የሀገሩ ሀብት ሁሉ በየቤቱ ጎታ፣ በየደጁ ጎተራ፣ በየጥጉ ጆንያ ውስጥ ተከማችቶ ይቀመጣል። ሜጫ ውስጥ ባለው በቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በበጋም እንዲለማ ሲደረግ በበጋ የሚራበው የማሳ አይጥም ሳይታሰብ ተጠቃሚ ሆኗል፤ ሁለት ጊዜ የሚያጭድ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይመግበዋል። በትግራይ ደጋማ ቦታዎች የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያጠኑት ነገርም ለጎጃም ይጠቅማል። አፈር እንዳይሸረሸር የሚሠራው የድንጋይ እርከን ለማሳ አይጦች ጥሩ መኖሪያ ይሆናል። እርከኑን ማፍረስ ሞኝነት ነው፤ በላዩ የሚበቅለውን አረምና ቁጥቋጦ ማንሣት ግን በገበሬው እጅ ያለ ነገር ነው።

የመራባታቸው ስሌት ሰው ላይ ተመዝኖ ሲታይ ነው የሚገባው። ትንሿ አይጥ የምታረግዘው 3 ሳምንት ገደማ ነው፤ የምትወልደው ከ5 እስከ 8 ነው፤ ልጆቿ በ6 ሳምንት ገደማ ለአቅመ አይጥ ይደርሳሉ። እንግዲህ በአንድ ሌሊት አንዲት ሴት ልጅ ከላይ አልጋ ላይ፣ አንዲት ግልገል ከአልጋው ሥር ቢወለዱ ልጅቱ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ግልገሏ ወላድ ሆናለች። ለክርስትናው የተጠመቀውን የጠላ ብቅል ከሚቀማምሱት መካከልም ልጆቿ ይገኙበታል።

የሚበሉት ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ትንሿ በቀን 3 ግራም ያህል፣ አይጠ መጎጡ ከ15 እስከ 25 ግራም ይበላል። ይሁንና አንድ አይጠ መጎጥ በአማካይ 22 ግራም ቢበላ በዓመት 8 ኪሎ ነው፤ አሥሩ ተሰብስበው 80 ኪሎ፣ ማለትም ጎደሎ ኩንታል። ይህ እንግዲህ የበሉት ብቻ ነው። የበጣጠሱት ጆንያ፣ የደፉት እህል፣ በሽንታቸውና በኩሳቸው ያበላሹት ከበሉት ይበልጣል። በቆሎ ሲያገኙ ደግሞ ቀድመው የሚመርጡት የፍሬውን እምብርት ነው፤ ቅባቱ ያለው እዚያ ነውና። እምብርቱ የተበላ በቆሎ ዘር ሆኖ አይበቅልም።

የሚያኝኩት ሁሉ ለመብላት አይደለም። የፊት ጥርሶቻቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ፤ ካልተሞረዱ አፍ አያስገጥሙም። ስለዚህ እንጨት፣ ሳሙና፣ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የባንክ ደብተር፣ አንዳንዴም በሣጥን ታች የተቀመጠ የጋብቻ ውል ይሞረድባቸዋል። የተላጠ ሽቦ የቤት ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። ሽንታቸው የነካው ውሃና ምግብ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ቁንጫቸው ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ሲሶ ያህል ሕዝብ ካሳጣው የወረርሽኝ ታሪክ ጋር ስሙ ይነሣል።

ፍትሕ ይኑር ከተባለ ሥራ የያዙ ዘመዶችም እንዳሏቸው መናገር ይገባል። ታንዛኒያ ውስጥ የሚሠለጥኑት ባለ ጉንጭ ከረጢት ግዙፍ አይጦች በአክታ ሽታ የሳንባ ነቀርሳ ይለያሉ፤ አዲስ አበባ በሚገኘው በአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋምም ይህ ሥራ ገብቷል። ካምቦዲያ ውስጥ የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት ያገለገለው ማጋዋ የተባለው አይጥ በ2020 እ.ኤ.አ. የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። የጎጃሙ የሩቅ ዘመዱ ግን ይህን አፍንጫውን እስካሁን ያዋለው ቋንጣ የተሰቀለበትን ለማወቅ ብቻ ነው።

ወደ መከላከሉ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ከመጨረሻው ይጀምራል። መርዝ ይገዛል፣ ከዚያ ወጥመድ ይፈልጋል፣ ከዚያ ድመት ይዋሳል፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ሁሉ ካቃተው በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። አንድ ቤት የሚያኖረው የአይጥ ቁጥር የሚወሰነው እዚያ ባለው ምግብና መደበቂያ ነው፤ አሥሩ ተገድለው ምግቡና ቀዳዳው ከቀሩ ከጎረቤት አሥር ይተካሉ፣ የተረፉትም የበለጠ ይወልዳሉ።

ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃታል፤ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ አይጥ ያሾልካል። ለአይጠ መጎጥ የዚያ እጥፍ በቂው ነው። ጭድ የገባበት ጭቃ ለግድግዳ ምርጊት ጥሩ ቢሆንም ቀዳዳ መድፈኛ ብቻውን አይሆንም፤ በአንድ ሌሊት ይበሳል። ቀዳዳው ውስጥ መጀመሪያ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ወይም የወንፊት ሽቦ ተጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ ቢለሰን ጥርስ ይመልሳል። የበር ሥር ክፍተት ሌላው በር ነው፤ ቁራጭ ቆርቆሮ ከታች መምታት ይዘጋዋል። ጣራው ላይ የሚያርፍ ቅርንጫፍ ካለ መቆረጥ አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ኮርኒሱ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረ ኮርኒስ ከታች ሲታይ ቤት ያሳምራል፤ ከላይ ግን ሞቃት፣ ጨለማ፣ ድመት የማይደርስበት ሰፊ ሜዳ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ የከረጢቱ ሆድ እዚህ ጋ ዝቅ፣ እዚያ ጋ ዝቅ ሲል ከአልጋ ላይ ሆኖ የአይጠ መጎጡን መንገድ በዓይን መከተል ይቻላል፤ እንግዳ ባለበት ምሽት ደግሞ ሁሉም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ካልታሸገ ኮርኒስ የተሠራው ለሰው ይሁን ለአይጥ አይለይም።

እህሉን በተመለከተ ጆንያ በግድግዳ ሥር መሬት ላይ መደርደር ግብዣ ነው። ከመሬት በርብራብ ከፍ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ሲል ድመትም መጥረጊያም በዙሪያው ያልፋል፣ ዱካም ይታያል። የደጁ ጎተራ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በዝቅተኛ ድንጋይ ላይ ነው፤ ድንጋዩ እርጥበት ቢከላከልም ለአይጥ ደረጃ ይሆናል። እግሮቹ ቢያንስ 1 ሜትር ሆነው በእያንዳንዱ ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ሾጣጣ ቢገባ የሚወጣው አይጥ ከታች ተመልሶ ይወርዳል። ጎተራው ከግድግዳና ከዛፍ ከ1 ሜትር በላይ መራቅ አለበት፤ መሰላል ማስደገፍ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። የብረት ጎተራ መግዛት ለቻለ ጥርስ አይገባውም። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ሽፋን የእህል ከረጢት ነቀዝን አፍኖ ቢገድልም አይጥ ስትበሳው ለነቀዙም እፎይታ ነውና ከረጢቱ ራሱ ጠባቂ ይሻል።

የድመት ነገር ክብርም ትችትም ይገባዋል። ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው እህል መከማቸት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ቆጵሮስ ውስጥ ከሰው ጎን የተቀበረች የ9,500 ዓመት ድመት ተገኝታለች። ይሁን እንጂ ስሟ ከሥራዋ ይበልጣል። ትንሿን አይጥ አሳድዳ ትይዛለች፤ ሽታዋም አይጥን ከአንዳንድ ጥግ ያርቃል። ጎልማሳ አይጠ መጎጥ ግን ጥርሱን አሳይቶ ሲቆም አብዛኛዎቹ ድመቶች ሌላ ጉዳይ ትዝ ይላቸዋል። ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ አይጠ መጎጥ በተከማቸበት የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ውስጥ ተመራማሪዎች ለ79 ቀን በካሜራ ሲከታተሉ ድመቶቹ ገድለው የተገኙት 2 ብቻ ነበር። የጎጃሟ ድመት ከዚህ ትሻላለች ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል፤ እሷም ብትሆን ጎረቤት ተውሷት በመጣ ማግስት ምድጃ ሥር ተጠቅልላ ወተት ስትጠብቅ ትገኛለች። አድና ትጥገብ ብሎ ማስራብም አይበጅም፤ የተራበች ድመት አይጥ ወዳለበት ሳይሆን ሥጋ ወዳለበት ጎረቤት ነው የምትሄደው።

አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች የሚለው የአባቶች አነጋገር ተረት ብቻ እንዳልሆነ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ቶክሶፕላዝማ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተዋሲ የሚራባው በድመት አንጀት ውስጥ ነው። አይጠ መጎጥ ውስጥ ሲገባ ለድመት ሽታ ያለውን ፍርሃት ያጠፋበታል፤ ተዋሲው በዚህ መንገድ ወደ ድመቷ ሆድ ይጓዛል። ይኸው ተዋሲ በድመት ኩስና በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ እርጉዝ ሴት የድመት ኩስ ባትጠርግ፣ ጥሬ ሥጋም ባትበላ ይመከራል።

ጉጉት ከድመት የተሻለች አዳኝ ሆና ሳለ ዕድሏ ጠማማ ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ትይዛለች፣ ወተት አትጠይቅም፣ ሌማት አትገለብጥም። ነገር ግን ጣራ ላይ ሰፍራ ስትጮኽ ሟርት አመጣች ተብላ በድንጋይ ትባረራለች። ድንጋዩ ሲወረወር ደስ የሚለው ከኮርኒሱ በላይ ላለው ነው።

ወጥመድ በትክክል ከተጠመደ ለቤት ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ ነው፤ መርዝ የለውም፣ ሬሳውም የት እንዳለ ይታወቃል። የሚሳሳተው አብዛኛው ሰው ቦታውንና ጊዜውን ነው። ወጥመድ ወለል መካከል አይቀመጥም። ግድግዳ ጥግ፣ አፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ያ የቅባት መስመር ባለበት ይደረጋል፤ ጣራ ላይ ለሚሄደው ማገር ላይ ይታሰራል። ትንሿ አይጥ ጉጉ ስለሆነች አዲስ ነገር ሲመጣ በመጀመሪያው ሌሊት ልትጎበኘው ትችላለች። አይጠ መጎጥ ግን አዲስ ነገር ይጠረጥራል፤ ለቀናት ዞሮ ያልፈዋል። ስለዚህ ወጥመዱ ሳይወጠር ምግብ ብቻ ተደርጎበት ለጥቂት ቀን ይተዋል፤ መብላት ሲለምድ ይወጠራል። ማጥመጃው በፊልም እንደሚታየው አይብ መሆን የለበትም፤ በቅቤ የታሸ የተጠበሰ በቆሎ፣ የተወቀጠ ኑግ ወይም በክር የታሰረ የቋንጣ ቁራጭ ይበልጣል። መታሰሩ ዋጋ አለው፤ ካልታሰረ ነጥቆ ይሄዳል። አንድ ወጥመድ ገዝቶ አልሠራም ማለትም አያስኬድም፤ ብዙ ወጥመድ ለጥቂት ሌሊት ከአንድ ወጥመድ ለብዙ ወር ይሻላል። ሙጫ የተቀባው ካርቶን ይይዛል፤ ነገር ግን የያዘውን ሳይገድል ሲያሰቃየው ያድራል፣ ጫጩትና እንሽላሊትም አይምርም።

በመጨረሻ የመርዝ ነገር። በየገበያው ድምፅ ማጉያ አንግቶ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን፣ የቁንጫ!» የሚለው ሻጭ አንዱን ዱቄት ለአራቱም ይሸጣል። ምንነቱ አልተጻፈበትም፤ በፌስታል ቁራጭ ተቋጥሯል።

«ቤት ውስጥ ሞታ ብትሸትስ ልጄ?»

«አትሞትም እማማ! ቀምሳ ውሃ ስትፈልግ ወጥታ ደጅ ነው የምትደፋው።»

ይህ ለሻጩ ይጥቀም እንጂ እውነት አይደለም። መርዝ የቀመሰ አይጥ የሚሞተው ሕመሙ በያዘው ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቦታው ግድግዳ ውስጥ ወይም ኮርኒስ ላይ ሆኖ ቤተሰቡ ለሳምንታት ዕጣን ሲያጨስ ይከርማል።

በሕጋዊ መንገድ የሚሸጡት በሁለት ይከፈላሉ። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ዱቄት በሰዓታት ይገድላል፤ ጥቂት ቀምሶ የታመመና የተረፈ አይጥ ግን ያንን ምግብ ዳግም አይነካም። ሌሎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ናቸው፤ አይጡ ሳይጠረጥር በልቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። የእነዚህ ፈር ቀዳጅ ዋርፋሪን በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ መግደያነት ገበያ የወጣ ሲሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ የሰው መድኃኒት ሆኗል። ዛሬ በኢትዮጵያም ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመላቸው ሕሙማን በሐኪም ልክ ይወስዱታል። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን በጣም የበረቱ ናቸው። የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት ልትሞት ትችላለች፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የተባለው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚወለዱት አይጦች ያለ ጠላት ያድጋሉ። መርዝ የግድ ከሆነ ልጅ፣ ዶሮና ድመት በማይደርስበት በተዘጋ ሣጥን፣ አይጥ ብቻ በሚያስገባ ቀዳዳ ይቀመጣል፤ ከእህልና ከዱቄት ጋር በአንድ ክፍል አይውልም። ሰው ከቀመሰው ወተት እየሰጡ መጠበቅ ሳይሆን ማሸጊያውን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ለነቀዝ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን በምንም ዓይነት ለቤት አይጥ አይውልም። እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ አይጡንም ነቀዙንም በዚያው ቤት የተኛውንም ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ የለውም። ጎታው ከመኝታው ጋር በአንድ ጣራ ሥር በሆነበት ቤት ክኒኑን እህል ውስጥ ከትቶ መተኛት የሞት አደጋ ነው።

የሞተ አይጥ በባዶ እጅ አይነካም። በፌስታል ተይዞ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ኩሱ ያለበት ወለል ደርቆ ከመጠረጉ በፊት በበረኪና ውሃ ይረጫል፣ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ።

ሥራው ሁሉ የአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ድካሙ ይበዛል። በቬትናምና በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች ዘንድ ውጤት ያመጣው መንደሩ በአንድ ሳምንት አብሮ ድንበር ሲያጸዳ፣ ጉድጓድ ሲቆፍርና ሲያጠምድ ነው። ጎጃም ለአጨዳ ወንፈል፣ ለቤት ሥራ ደቦ አለው፤ አይጥን ግን እስካሁን እያንዳንዱ ለብቻው፣ ያውም ጎረቤት ሳይሰማ ነው የሚያሳድደው፣ አይጥ ገባባቸው መባልን ፈርቶ። በየቤቱ ስላለች ሐፍረቱ ለማንም አይጠቅምም። ጊዜው ደግሞ ይታወቃል። የማሳ አይጦች ከዝናቡ ጋር ስለሚዋለዱ ቁጥራቸው ዝቅ የሚለው፣ ምግባቸውም የሚያንሰው በበጋው ማብቂያ ነው፤ በዚያ ወቅት የተያዘች አንዲት እናት በመስከረም ከሚያዙ ብዙ ልጆቿ ትበልጣለች። ሰኔ ከገባ ገበሬው ወደ እርሻው፣ አይጧም ወደ ወሊዷ ትሄዳለችና የመንደሩ ቀጠሮ ከግንቦት ባያልፍ መልካም ነው።